አይጦቹን የማጠጣው እኔ ነኝ

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ የጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ አስገራሚ ወሬ በምትለቅሙባት ጥግ፣ «ፈረንጅ አይጥ ማስከር ጀመረ» የምትል አጭር ነገር አውጥታችኋል። እህቴ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ከሥር «ይኼ ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?» ብላ የሚስቁ ፊቶች ደርድራለች። አዎ፣ የኔ ሥራ ነው። አይጦቹን የማጠጣው እኔ ነኝ።

ስድስት ሰባት መስመር ብትሆን ነው። ሳይንቲስቶች ለአይጥ አልኮል ሰጡ፣ አይጦቹ ጠጡ፣ ተከለከሉ፣ ሲመለስላቸው የባሰ ጠጡ። ከዚያ «የኛ ሰፈር ሰዎች ለምን በጥናቱ አልተካተቱም?» ብላችሁ ዘጋችሁት። ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ግን ከነከነኝ። ያቺ «ሲመለስላቸው የባሰ ጠጡ» ብላችሁ በግማሽ መስመር ያለፋችኋት ነገር እኛ ቤት ስንት ዓመት ያስለቀሰችን ናት። ስለዚህ ትንሽ ቦታ ስጡኝ። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፤ የወንድሜን ነገር ግን አትቁረጡብኝ።

አስቀድሜ ልናገር፣ ተመራማሪ አይደለሁም። ደቡብ ጀርመን ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ የእንስሳት ተንከባካቢ ነኝ። ጀርመኖች ለዚህም ሥራ ሦስት ዓመት ያስተምራሉ፣ ተምሬ ነው የገባሁት። ሳጥን አጥባለሁ፣ መኝታ እቀይራለሁ፣ ምግብ እሞላለሁ፣ ጠርሙስ እመዝናለሁ። አይጥ ስል ደግሞ ጓዳ ውስጥ የምትሽሎከሎከውን ትንሿን እንዳታስቡ። አይጠ መጎጥ የምንላት ዘር ናት፣ ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ወንዱ ግማሽ ኪሎ ድረስ የሚመዝን።

ክፍሉ ውስጥ ቀንና ሌሊት ተገለባብጧል። አይጥ የምትነቃው በጨለማ ስለሆነ፣ እኛ በቀን እንድንሠራ ብለው መብራቱን ጠዋት ያጠፉና ማታ ያበሩታል። እኛ በቀይ አምፖል ነው የምንንቀሳቀሰው። ቀይ ብርሃን ለእነሱ ጨለማ ያህል ነው። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ፎቶ ማጠቢያ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር።

እያንዳንዱ ሳጥን ላይ አራት ጠርሙስ ይንጠለጠላል። አንዱ ውሃ ነው። ሌሎቹ 5 ከመቶ፣ 10 ከመቶ እና 20 ከመቶ አልኮል ያለባቸው። ማንም አያስገድዳቸውም፣ የፈለጉትን ይልሳሉ። እኔ ጠርሙሶቹን አወርዳለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ቦታቸውን አቀያይሬ እመልሳለሁ። ካላቀያየርኩ አይጧ አልኮሉን ወዳ ይሁን ቀኝ ጥጉን ለምዳ አይታወቅማ። ባዶ ሳጥን ላይም ጠርሙስ እንሰቅላለን፣ ማንም የማይጠጣው። በራሱ የሚንጠባጠበውንና የሚተነውን ለማወቅ ነው። እሱን ካልቀነስን ያልጠጣችውን ጠጣች ልንላት ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ለአይጥ ይህን ያህል ሂሳብ! ጠላ ሻጯ እንኳ እንዲህ አትለካም» አለች።

ወሬያችሁ «ጀመረ» ይላል። አልጀመረም፣ የቆየ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1940 ከርት ሪክተር የሚባል ሰው በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለአይጦች ውሃና አልኮል ጎን ለጎን አቅርቦ የትኛውን እንደሚመርጡ ለካ። ቺሊ ውስጥ ሆርሄ ማርዶኔስ የሚጠጡትን ከሚጠጡት፣ የማይጠጡትን ከማይጠጡት እያዳቀለ ሁለት የአይጥ ዘር አወጣ። አንዱ ዘር አልኮል ይመርጣል፣ ሌላው ዞር ብሎ አያየውም። ፊንላንድም እንዲሁ አደረጉ፣ ካሌርቮ ኤሪክሰን በ1968 ጽፎታል። የፊንላንዱ የሚያስቀው፣ ጥናቱ የተሠራው የመንግሥት መጠጥ ድርጅት በሆነው በአልኮ ቤተ ሙከራ ነው። ሻጩ ራሱ የሚያጠናው ማለት ነው። እንግዲህ እናንተ ለቀልድ የምትፈልጉት ካለ እሱን ውሰዱ።

የዘር ነገር እንዳለበት ከዚያ ጀምሮ ይታወቃል። እኔን ግን እሱ ብዙም አላስደነቀኝም፣ እኛ አገር «በአባቱ ወጣ» ስንል ኖረን የለ።

ሌላው ስህተታችሁ፣ አይጥ አልኮል ስታይ ዘላ የምትገባበት አስመስላችሁታል። አብዛኛዋ ተራ አይጥ መጀመሪያ ላይ ጣዕሙን አትወደውም። ትልስና ፊቷን በእጇ ትጠርጋለች። በ1980ዎቹ ሄርማን ሳምሰን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ዘዴ አወጣ፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመጀመሪያ ስኳር ያለው ውሃ ይሰጣል። ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረጉ አልኮል ይጨምሩበታል። ከዚያ ስኳሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። በመጨረሻ ስኳሩ የለም፣ አልኮሉ ብቻ ቀርቷል፣ አይጧም ትጠጣዋለች። ይህን የሰማሁ ቀን ብርዝ ትዝ አለኝ። ልጆች ሆነን የሠርግ ቀን ብርዝ ይሰጡን ነበር፣ ትንሽ አደግ ስንል ለስላሳ ጠጅ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ደረቅ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። የወንድሜ መንገድ ግን ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥናቱ አይጥ ስለማስከር አይደለም። እንዲያውም አብዛኞቹ በገዛ ፈቃዳቸው ሲጠጡ ሰክረው ሲንገዳገዱ አላየሁም፣ ጉበታቸው አልኮልን ከኛ ቶሎ ያቃጥላል። የሚታየው ከተከለከሉ በኋላ የሚሆነው ነው። በ1967 ሲንክሌርና ሴንተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ለሳምንታት አልኮል የለመደ አይጥ አልኮሉ ይወሰድበታል። ሰው ቢያስበው «ረሳው፣ ወጣለት» ይላል። ጠርሙሱ ሲመለስ ግን ከመቋረጡ በፊት ይጠጣ ከነበረው በልጦ ይጠጣል። ይህ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ግን ስንት ነገር በዚህ ላይ ተሠራ መሰላችሁ።

እኛ ጋ እንዲህ ነው። ለ8 ሳምንት አራቱም ጠርሙሶች ይሰቀላሉ። ከዚያ ሦስቱ አልኮሎች ይወርዱና ለ2 ሳምንት ውሃ ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሁሉም ይመለሳል። ይህ ይደጋገማል፤ አንዱ ጥናት ዓመት ይፈጃል።

የሚመለስበትን ቀን አልወደውም። ጠርሙሱን ስሰቅል የቱቦው ብረት ከሳጥኑ ብረት ጋር ቅጭል ይላል። ያኔ ሁሉም ከመኝታቸው ብድግ ይላሉ። በዚያ ድምፅ ነው የሚነሱት፣ አልኮሉ ገና አልሸተታቸውም። አንዷን አይጥ አልረሳትም፣ 14 ቁጥር። ከመቋረጡ በፊት በአብዛኛው ከ5 ከመቶው ነበር የምትቀምሰው፣ እንደ ጨዋ ሴት። በሦስተኛው ዙር ሲመለስላት 5ቱን አለፈችው፣ 10ሩን አለፈችው፣ ቀጥ ብላ 20ው ጋ ሄደች። በኋላ እግሯ ቆማ፣ ሁለት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ጥርሷ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ ሲመታ ይሰማኛል፣ ቲክ ቲክ ቲክ። ሌሎቹን ሳጥኖች ጨርሼ ስመለስም እዚያው ነበረች።

ከዚያ ደግሞ አልኮሉ ውስጥ ኪኒን ይጨመርበታል፣ ያ የወባ መድኃኒት የነበረው መራራ ኪኒን። አዲስ አይጥ አንዴ ልሳ ትሸሻለች። ለረጅም ጊዜ የጠጣችውና ደጋግማ የተከለከለችው ግን እንደ ኮሶ የመረረውን ትጠጣዋለች። በእረፍት ሰዓቷ፣ ሌሎች አይጦች ተጠቅልለው ሲተኙ፣ ተነስታ ትጠጣለች። ጣዕሙን ወዳ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል።

ሙሉውን መናገር ስላለብኝ፣ ይህ የድንገት ጭማሪ ለዘላለም አይቆይም። ጥቂት ቀን ከፍ ይልና ወደ ቀድሞው ይወርዳል። ነገር ግን ለጠጪነት ተዳቅለው በወጡ አንዳንድ ዘሮች ላይ፣ ማቋረጥና መመለሱ በተደጋገመ ቁጥር ጭማሪው እየበዛና እየረዘመ ሲሄድ ታይቷል።

አሁን ወንድሜ።

ታናሼ ነው፣ አናጢ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። የእናቴን ቁም ሣጥን የሠራው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ በሩ አይንሻፈፍም። ይጠጣል። ሁዳዴ ሲገባ ያቆማል። 55ቱን ቀን ጠብታ አይቀምስም። ፊቱ ይመለሳል፣ ከእናቴ ጋር ቅዳሴ ይሄዳል፣ የሰው ሥራ በቀጠሮው ያስረክባል። እኛም በየዓመቱ «በቃ ዘንድሮ ተገላገልን» እንላለን። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው ሳይቀርብ ይጀምራል። እናም የሚጠጣው ከቅበላው በፊት የነበረውን አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት አይገባም። በአንዱ ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቱቦ ውስጥ ነው የተገኘው።

እናቴ «ውሻ ወደ ትፋቱ» ትላለች። መጽሐፍ ነው፣ ምን ይባላል። ጎረቤት «ቃሉን በላ» ይላል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አደረግሁ። ደውዬ «አንተ ሰው አይደለህም፣ ዳግመኛ እህት አለችኝ እንዳትል» አልኩት። ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ «እሺ እትዬ» ብሎ ዘጋው። ስድስት ወር አልተነጋገርንም።

እና 14 ቁጥር 20ውን ይዛ ስትቆም እያየሁ ያ ስልክ ትዝ አለኝ። 14 ቁጥር ለማንም አልማለችም። ንስሐ አባት የላትም። የምታሳፍረው እናት፣ የሚስቅባት ጎረቤት የላትም። ቃሏን በላች ልበላት? ወኔ አነሳት ልበላት? (በነገራችን ላይ አይጥ ማስመለስ አትችልም፣ ተፈጥሮዋ አይፈቅድም። እናቴ የምትለው ትፋት እንኳ የላትም።) ወንድሜ አይጥ ነው እያልኩ አይደለም። ወንድሜ ያስባል፣ ይመርጣል፣ ይጸጸታል፣ ለሚያጠፋውም ይጠየቃል። ግን እኛ ሙሉ በሙሉ የባሕርይ ጉድለት ያደረግነው ነገር፣ ባሕርይ ምን እንደሆነ በማታውቅ ፍጥረት ላይ በሚዛን ሲለካ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያቺን «ሰው አይደለህም» ያልኩትን መልሼ ልውጣት ብል በቀላሉ አልወርድ አለችኝ።

እሺ፣ ያቆመን ምን ይመልሰዋል? በዚህም ላይ ብዙ ተሠርቷል፣ አሠራሩ ግን ይለያል። አይጧ ሳጥኑ ውስጥ ያለች ትንሽ መጫኛ፣ እንደ መብራት ማብሪያ ያለች፣ በእጇ እንድትጫንና አልኮል እንዲንጠባጠብላት ያለማምዷታል። ከዚያ መጫኛውን ብትጫንም ምንም አይመጣም። ትጫናለች፣ ትጫናለች፣ ይሰለቻታል፣ ትተወዋለች። ተወች ሲባል የተለያየ ነገር ይሞክሩባታል፣ ተመልሳ ትጫን እንደሆን።

አንዱ ጠብታ ማቅመስ ነው። ሌላው ሽታ ነው። ካሊፎርኒያ ላ ሆያ በሚገኘው ስክሪፕስ ተቋም አልኮል በሚገኝበት ሰዓት የብርቱካን ሽታ እየሰጡ አለማመዱና፣ ከተወች በኋላ ሽታውን ብቻ መለሱላት። አልኮል የለም፣ ብርቱካን ብቻ። መጫን ጀመረች። ሦስተኛው ጭንቀት ነው። በ1998 ቶሮንቶ ውስጥ ሌ እና ሻሃም ከባልደረቦቻቸው ጋር አይጦቹን ለደቂቃዎች እግራቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። የተዉት ወደ መጫኛው ተመለሱ።

እኔን ልቤን የነካኝ ግን የቦታው ነው። በ2006 በወጣ አንድ ጥናት አይጦቹን በአንድ ሳጥን አለማመዷቸው፣ የራሱ ሽታ፣ የራሱ ወለል ያለው። ማስተዉን ደግሞ በሌላ ሳጥን አደረጉት፣ ሽታውም ወለሉም የተለየ። እዚያ ተዉ፣ ፍጹም ተዉ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሳጥን መለሷቸው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እንደገና መጫን ጀመሩ። የተዉት ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ 7 ወር ተቀምጦ ነበር። ሰባት ወር! አንዲት መለኪያ አልቀመሰም። በጓሮ ወንበር እየሠራ ይሸጥ ነበር፣ ወፍሮ ነበር፣ ፎቶ ሲልኩልኝ አለቀስኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ጀመረ። ቤተሰቡ በሙሉ «ሲያስመስል ነበር» አለ። አሁን ሳስበው፣ ማንም ማስመሰል አላስፈለገውም። የሥራ ቦታው ከአረቄ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እዚያው ቦታ፣ እዚያው በርጩማ ላይ ነው የመለስነው። በኋላ ስንታረቅ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ማንም አልጠራኝም። ከግድግዳው ወዲያ መለኪያ ከመለኪያ ሲጋጭ ነው የሰማሁት» አለኝ። ያ የኔ ቅጭል አይደለም ወይ?

እና ይህም አልበቃ ብሎ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብለን ጠላ ጠምቀን ነው የተቀበልነው። እማዬ ሳምንት ሙሉ ጌሾ ስትወቅጥ ሰነበተች። «ጠላ እኮ መጠጥ አይደለም» ነው የምትለው። ብሩን የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጠበል ወስደነው ቢሆን፣ ሆስፒታል አስተኝተነው ቢሆን፣ ይኸው ይሆን ነበር ብዬ ነው የማምነው። ሁላችንም ሐሳባችን ማቆሙ ላይ ነበር። ከማን ጋር ይውላል፣ በየት በኩል ወደ ቤት ይገባል፣ ደመወዝ የተከፈለ ቀን ማን አብሮት ይሆናል የሚለውን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ (ይቺ በኛው አቆጣጠር ናት) የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል «ሰው ማስታወቂያ ስላየ ይጠጣል እንዴ?» ብለው የሳቁ ነበሩ፣ እኔም ሳቅ ብዬ ይሆናል። ቡሽ ሲከፈት ያለውን ድምፅ፣ ብርጭቆ ላይ የሚወርደውን አረፋ አሁን ሳስበው፣ ላቆመ ሰው ያ ማስታወቂያ የብርቱካን ሽታ ነበር።

መድኃኒትም ወጥቶበታል፣ ይህን እናንተ ብታትሙት ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ናልትሬክሶን የሚባል አለ። አንጎላችን ራሱ የሚሠራቸው፣ እንደ ሞርፊን ደስ የሚያሰኙ ነገሮች የሚያርፉበትን ቦታ ይዘጋል፣ መጠጡ የሚሰጠው ደስታ ይቀንሳል። በአይጥ ተሞክሮ፣ ከዚያ በሰው ተሞክሮ፣ አሜሪካ በ1994 ለአልኮል ሱስ ፈቅዳዋለች። አካምፕሮሴት የሚባልም አለ፣ ፈረንሳይ በ1989፣ አሜሪካ በ2004 ፈቀዱት፤ አይጦቹ ጠርሙስ ሲመለስላቸው የሚያሳዩትን ያንን ጭማሪ ይቀንሳል። ያ የ1967ቱ ሲንክሌር በኋላ ፊንላንድ ሄዶ አልኮ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል፣ ናልትሬክሶንን ሰው ከመጠጣቱ በፊት ቢወስደው ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ያመጣውም እሱ ነው። ሁለቱም ተአምር አይደሉም፣ ለአንዱ ይሠራሉ ለሌላው አይሠሩም። ከሐኪም ውጭም የሚነኩ አይደሉም፣ በተለይ ሞርፊን መሰል የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን ቢውጥ ክፉኛ ይታመማል።

አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል እንዳትሉ ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። የጭንቀትን ሆርሞን የሚያግዱ መድኃኒቶች ነበሩ። አይጦቹ ላይ ግሩም ነበሩ፣ ያ በጭንቀት መመለስ ጸጥ ይል ነበር። ብዙ ተስፋ ተጣለባቸው። በሰው ሲሞከሩ፣ በ2015ና በ2016 የወጡት ውጤቶች እንዳሳዩት፣ የመጠጥ አምሮቱን አልቀነሱም። የኛ ቤተ ሙከራ ሰዎችም ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

አንድ ብቻ ልጨምር፣ በጣም የምወደው ጥናት ስለሆነ። በ2018 ስዊድን ሊንሾፒንግ ውስጥ እነ ማርኩስ ሃይሊግና ኤሪክ ኦዢየ አልኮል ለለመዱ አይጦች ምርጫ ሰጡ፣ ወይ አልኮል ወይ የሚጣፍጥ ውሃ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ጥናት እንዲህ ያለ ምርጫ አይሰጥም ነበር፣ ሌላ የሚያስደስት ነገር የሌላት አይጥ አልኮል ብትጠጣ ምን ይገርማል? ምርጫ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ጣፋጩን ወሰዱ። 15 ከመቶ ያህሉ ግን አልኮሉን አልተዉም፣ እግራቸውን ኤሌክትሪክ እየነካቸውም ይጫኑ ነበር። አንጎላቸው ሲታይ፣ ፍርሃትና ስሜት በሚመራበት በአሚግዳላ፣ አንጎልን የሚያረጋጋውን ንጥረ ነገር የሚጠርግ አንድ ፕሮቲን ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ጣፋጩን በመረጡት ላይ ያንኑ ፕሮቲን ሆን ብለው ሲቀንሱት፣ እነሱም ወደ አልኮል ዞሩ። የአልኮል ሱስ ኖሮባቸው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥም ይኸው ጉድለት ታይቷል።

ከዚህ የገባኝ በአንድ ማድ ቁጭ ብለን፣ ከአንድ ገንቦ እየቀዳን፣ እኔ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ የተነሳሁት ጠንካራ ስለሆንኩ ላይሆን እንደሚችል ነው። ስንት ዓመት «እኔስ ጠጥቼ የለ? አቆምኩ የለ?» ስለው ኖርኩ።

አይጦቹ አያሳዝኑሽም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ያሳዝኑኛል። ጥናቱ ሲያልቅ ይሞታሉ፣ አንጎላቸው ይታያል። 14 ቁጥርም ሞታለች። እዚህ አገር ጥናቱ ሳይጀመር ስንት አይጥ፣ ለምን፣ ምን ያህል ትሰቃያለች ተብሎ ተጽፎ ካልተፈቀደ አንዲት አይጥ አትነካም፣ እሱ ትንሽ ያጽናናኛል። ሙሉ በሙሉ አያጽናናኝም። ለዚህም ነው «አይጥ አሰከሩ ሃሃሃ» ሲባል የሚያመኝ።

ወንድሜ አሁን የሥራ ቦታ ቀይሯል። ሌላ ሰፈር፣ ከአንድ ብረት በያጅ ጋር ተዳብሎ። ኪራዩ ይወደዳል፣ ግማሹን እኔ እሸፍናለሁ። እማዬ ጠላ መጥመቅ አልተወችም፣ ግን እሱ በሚመጣበት ቀን ጎረቤት ታስቀምጠዋለች፣ ለእሷ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ በፋሲካ ደግሞ ቤት አልዋለም፣ አክስቴ ጋ ነው የፈሰከው። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ጠፍቶብን ነበር። ሲመለስ ማንም ምንም አላለውም። እህቴ ምሳ አቀረበችለት፣ በማግስቱ ሥራ ገባ። ድሮ ቢሆን ከዚያ ጩኸትና እርግማን በኋላ ሁለት ቀኑ ሁለት ወር ይሆን ነበር።

ያንን ወሬያችሁን በስልክ አነበብኩለት። ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀ። «የኛ ሰፈር ሰዎች ለምን በጥናቱ አልተካተቱም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ግን አስቆመኝና፣ «ተካተናል እኮ» አለ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን